የጃንጥላው ሽቦና የፈረንጅ ሃይላንድ

ያየህን በቁጣው የማያውቅ የለም። ከደባርቅ በላይ፣ ከቡይት ራስ በታች ባለችው መንደር አንድ ሰው ያለ ምክንያት ሲጮህ "ምነው፣ እንደ ያየህ አደረገህ?" ይባላል። በቅሎዎቹ እንኳ ድምፁን ሲሰሙ ጆሯቸውን ወደ ኋላ ይጥላሉ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ሰውዬው ቁጡ ሆኖ አልተወለደም። ቁጣው የተወለደበት ቀን ይታወቃል፤ የበኩር ልጁ ፀጋው የተቀበረ ዕለት ነው። ከዚያች ዕለት ወዲህ ከገዛ እናቱ ጋር አጥር ለአጥር እየተያየ አንድ ቃል ተነጋግሮ አያውቅም።

እናቱ እማማ ባንቻየሁ ግግ አውጪ ናቸው። በዚያ አገር ሕፃን ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው፣ ሲያተኩሰው፣ አልጠባም ሲል የመጀመሪያው ጥርጣሬ ግግ ነው። ገና ያልበቀለው ጥርስ ድድ ውስጥ አብጦ ልጁን ያስቀምጠዋል ይባላል፤ ስለዚህ ድዱ ይፈለቀቅና ጥርሱ ሳይወጣ ይነቀላል። እማማ ባንቻየሁ ለዚህ ሥራ ከአሮጌ ጃንጥላ የወጣች ሽቦ አለቻቸው፤ በድንጋይ ስለው እንደ ወስፌ አሹለዋታል። ከዳባት፣ ከበየዳ ሳይቀር እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይመጡባቸዋል። ገንዘብ አይቀበሉም። "እግዜር የሰጠኝን እጅ አልሸጥም" ይላሉ።

ያየህ በልጅነቱ በእናቱ ይኮራ ነበር። ልጇ የዳነላት እናት ቆሎና እንቁላል ይዛ ስትመለስ በሩ ላይ ሮጦ የሚቀበላት እሱ ነው። ልጇ ያልዳነላት ግን ተመልሳ አትመጣም። የማትመጣውን ማን ይቆጥራታል? እሱም አልቆጠራት፣ መንደሩም አልቆጠራት፣ እናቱም አልቆጠሯት። ስማቸው እየገነነ የሄደው በዚህ ዓይነት ነው።

ፀጋው መዳህ እንደ ጀመረ ተቅማጥ ያዘው። አቅፎ ወደ እናቱ ቤት የወሰደው ያየህ ራሱ ነው፤ ጭንቅላቱን ይዞ አፉን ያስከፈተውም እሱ ነው። ሽቦዋ ገባች፣ ደም ፈሰሰ፣ ልጁ እሪ አለ። ከዚያ ወዲያ ድዱ አብጦ ጡት አልቀበልም አለ፤ ተቅማጡም አልቆመም። ልጁ እያየው ደረቀ። በለቅሶው ላይ እማማ ባንቻየሁ ደረታቸውን እየደቁ፣ "ዘገያችሁ እኮ! ምነው ቀደም ብላችሁ ባመጣችሁልኝ!" አሉ።

ያየህን ያሳበደችው ይህች "ዘገያችሁ" የምትል ቃል ናት። ልጁን በሽቦ ወግታ ስታበቃ ጥፋቱን በእሱ ላይ ታላክካለች! "ከዛሬ ወዲያ እናት የለኝም" አለ፤ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማው። ሽማግሌ ተላከ፣ የነፍስ አባቱ አባ ኪዳነ ማርያም መስቀል ይዘው ቤቱ ድረስ መጡ። መስቀሉን ተሳለመ፣ እርቁን ግን እምቢ አለ። ልብሱ ተቀደደ፣ ፀጉሩ ሸበተ፣ ቂሙ ግን አንድ ቀን አላረጀም።

ያየህ በቅሎ ነጂ ነው። ተራው ሲደርስ የቱሪስቱን ድንኳንና ምግብ ጭኖ ተራራውን ይወጣል፤ ጦርነቱ እንግዳውን ካራቀው ወዲህ ተራው እንደ ዓመት በዓል ቢራራቅም። ከካምፕ ሲወርድ ባዶ እጁን አይመጣም። ፈረንጅ ጠጥቶ የጣለውን የውሃ ፕላስቲክ፣ አገሩ ሁሉ "ሃይላንድ" የሚለውን፣ እየለቀመ ያመጣል። ወፍራሙን፣ ክዳኑ የሚገጥመውን ይመርጣል። ለጎረቤት ያድላል፤ የዘይት መያዣ፣ የጠላ መያዣ፣ የጸበል መያዣ ይሆናል። ሴቶቹ ይመርቁታል፣ እሱም ደስ ይለዋል። ቁጡ ሰው መመረቅ አይጠላም።

የፀጋው እናት ገበያ መውጣት ስትጀምር ትንሿን ሃይላንድ መርጦ ለልጁ ጡጦ የሠራለት እሱ ነበር። የላስቲኩን ጫፍ ከደባርቅ ገበያ ገዝቶ፣ በክር አስሮ፣ የላም ወተት ሞልቶ ሰጠው። ልጁ ሲሞት ሃይላንዷ ጠፋች፤ የላስቲኩን ጫፍ ግን ያየህ በመሐረብ ጠቅልሎ ከግድግዳው ንቃቃት ሸጎጠው። የልጁ ከንፈር የነካው ሌላ ነገር አልነበረውም። ልብሶቹ እንኳ ለድሃ ተሰጥተው ነበር።

ዓመታት አልፈው ስጦታ ተወለደች። ሚስቱ ውቢት ደባርቅ ገበያ ጠላ ትሸጣለች፤ ወጥታ እስክትመለስ ሕፃኗ ወተት መጠጣት አለባት። ያየህ መሐረቡን ፈታ። ላስቲኩ ትንሽ ተሰነጣጥቋል፣ ግን ይሠራል። የወንድሟ ነው ብሎ ሳመውና አዲስ ሃይላንድ ላይ ገጠመው። ምንጩ ዘንድ ወስዶ አጠበው። ሲያጥበው የራሱ በቅሎዎች ከጎኑ ይጠጡ ነበር፤ ከበላይ ደግሞ የሰው ከብት ውሃው ውስጥ ቆሞ ነበር። ታዲያ ወዴት ይሂድ? መንደሩ ቦኖ አለው። ሹሞች መጥተው ሪባን የቆረጡበት፣ ሙክት የታረደበት፣ የተጨበጨበበት ቦኖ! አንድ በጋ ውሃ ሰጠና ደረቀ። ዛሬ በጎች ይታከኩበታል። ያየህ ባጠገቡ ባለፈ ቁጥር በእርግጫ ይለዋል፤ የቦኖው ብረት ከእሱ ርግጫ በቀር የጎበኘው የለም።

ለውቢት አንድ ትእዛዝ ሰጥቷት ነበር፤ "ልጄ የዚያችን ሴትዮ ደጃፍ እንዳትረግጥ።" ያች ሴትዮ የሚላቸው እናቱን ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከተራራው ወርዶ ቤቱ ሲደርስ በሩ ገርበብ ብሏል፣ ሰው የለም። በቅሎዎቹን ሊያራግፍ ሲል ከአጥሩ ማዶ የሕፃን ልቅሶ ሰማ። ልቅሶ ከተባለ ነው፤ ድምፁ አልቆ እንደ ግልገል ሲር ትላለች። አጥሩን በእግሩ ጥሶ ገባ። ስጦታ በእናቱ ጭን ላይ ተንጋላለች፣ ውቢት እግሯን ይዛለች፣ ሽቦዋም ከፍሙ ላይ ወጥታ በእማማ ባንቻየሁ እጅ ላይ ናት።

"እጅሽን!" ብሎ ጮኸ። ዶሮዎቹ ሁሉ ተበተኑ። "እጅሽን አንሺ! አንዱ አልበቃሽም?"

እማማ ባንቻየሁን ከዚያች ቀብር ወዲህ ልጃቸው ሲያናግራቸው የመጀመሪያው ነበር። ሽቦዋን ከፍ አድርገው እንደያዙ ቀሩ። "ያየህ፣ ልጅቱ ደም ታስቀምጣለች። እየው ዓይኗን፣ ጎድጓል። ግጉ በስሏል ልጄ፣ ዛሬ ካልወጣ..."

"ልጄ አትበይኝ!"

"ታዲያ ማን ልበልህ?"

ሽቦዋን ነጥቆ ወጣ። ከመንደሩ ጫፍ ገደሉ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር የሚነጩበት ጠርዝ ድረስ ሮጦ ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወራት። ስትወድቅ ድምፅ አልሰማም፤ ያም አናደደው። ቢያንስ ድንጋይ ላይ ብትጮህ ይወድ ነበር።

ሲመለስ ስጦታን ከእናቱ ጭን መንጭቆ አቀፋት፤ ጡጦዋንም አንሥቶ ኪሱ ከተተ። ሰውነቷ ቀልሏል። ታቅፋበት የነበረው ጨርቅ ላይ አክታ የመሰለ ነገርና ደም አለ። "ወደ ደባርቅ ነው!" አለ። እማማ ባንቻየሁ ከኋላው፣ "ትዘገያለህ! እንደ ፀጋው ትዘገያለህ!" አሉ። ዞሮ ምን ሊላቸው እንደነበረ እግዜር ይወቀው፤ ውቢት በእጇ አፉን ከደነችው።

በመንገዱ ሁሉ ሲቆጣ ሄደ። ልጅቱን ከጋቢው ሥር ታቅፎ በበቅሎ ላይ ሆኖ ይቆጣል፤ ውቢት ከጎን እየሮጠች ትሰማለች። ሲብስባት መልስ ሰጠች።

"አንተ ተራራ ላይ ወጥተህ ስትቀር እኔ ከማን ጋር ልተዋት? ከበቅሎህ ጋር? ሦስት ቀን ሙሉ ሲያስቀምጣት የት ነበርህ? እናትህ ናቸው ስትተፋ የሚያቅፉልኝ!"

"ቢያቅፉልሽ ነው ሽቦ ያነሱት?"

"እሳቸውስ የሚያውቁት ይህን ነው። አንተ የምታውቀው ምንድን ነው? መጮህ!"

ልጅቱ ከንፈሯን ስትልስ አይቶ ከኪሱ ጡጦዋን አወጣ። ጠዋት ውቢት የሞላችው ወተት ግማሹ አለ፤ በሰውነቱ ሙቀት ለብ ብሏል። "አይዞሽ የኔ እናት፣ ጠጪ" አለ፤ ያ ሁሉ ቁጣ ካለበት አፍ እንዲህ ያለ ድምፅ ይወጣል ብሎ ማን ይገምታል? ስጦታ ከጥማቷ ብዛት ጎተተችው። ወዲያው መልሳ አስታወከችው። እሱም ጠርጎ መልሶ ሰጣት።

ከጤና ጣቢያው ሲደርሱ ሲስተር እስከዳር የምትባለው ነርስ ስጦታን አይታ ሌላውን በሽተኛ ሁሉ ተወች። የሆዷን ቆዳ ቆንጥጣ ለቀቀች፤ ቆዳው እንደ ቆመ ቀረ። ፈጥና በደም ሥሯ ጉሉኮስ አስገባችላት። ከዚያ በኋላ ነው ጥያቄ የጀመረችው። ያየህም ይህን ሲጠብቅ ነበርና ለዓመታት ያመቀውን አፈነዳው። ስለ ሽቦው፣ ስለ ፀጋው፣ ስለ "ዘገያችሁ"። "ጻፊልኝ፤ ለፖሊስ የሚሆን ወረቀት ጻፊልኝ። ይቺ ሴትዮ ልጅ መጨረሷን ሐኪም ይመስክር!"

"ግግ ማውጣት ልጅ ይገድላል፤ ይህን ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ" አለች እስከዳር። "ግን የዚችን ልጅ ድድ አይቻለሁ፤ ሽቦ አልነካውም። ተቅማጡን ያመጣው ሌላ ነው። ይህ ምንድን ነው?"

ከእጁ ጡጦዋን ተቀበለችው። ክሩን ፈታች፣ ላስቲኩን ገለበጠችው። ስንጥቁ ውስጥ አረንጓዴ ልጋግ አለ፤ የሃይላንዱ አንገት ላይ የከረመ ወተት እንደ አይብ ተጋግሯል። አሸተተችውና ፊቷን አዞረች።

"የፈረንጅ ሃይላንድ ነው" አለ ያየህ። "ንጹሕ ነው። ራሴ ነኝ የማጥበው።"

"በምን ውሃ?"

"በምንጩ ነዋ።"

"ከብት ይጠጣበታል?"

"ከብትስ የት ይጠጣ?"

እስከዳር ተነፈሰች። ቁጣ እሷም ነበራት፤ በየቀኑ እንዲህ ያለ ልጅ የምትቀበል ሰው እንዴት አይኖራት? "ስሙኝ አባቷ። ደም ያለበት ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ ከባክቴሪያ ነው። የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ ለይቶ የሚያወጣ መሣሪያ እዚህ የለንም፤ የሚመጣበትን መንገድ ግን እናውቀዋለን። ከሰውና ከከብት ዓይነ ምድር ወደ ውሃ ይገባል። ከውሃው ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ዕቃ። ለብ ያለ ወተት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሰርግና ምላሽ ነው፤ ጠዋት ጥቂት የነበረው ከሰዓት በኋላ ስፍር ቁጥር የለውም። እዚህ ስንጥቅ ውስጥ ጣት አይገባ፣ ብሩሽ አይገባ። በላዩ ወተት ስትጨምሩበት ለልጅቱ ያንኑ መልሳችሁ መላልሳችሁ ታጠጧታላችሁ።"

"ጥርሷስ?" አለች ውቢት በቀስታ። "ሁልጊዜ ጥርስ ሊያወጡ ሲሉ ነው የሚይዛቸው።"

"ጥርስ ሊያወጡ ሲሉ ምን ይጀምራሉ? ይድሃሉ፤ ያገኙትን ሁሉ አፋቸው ይከታሉ። ከእናታቸው ጡት ሌላ መቅመስ ይጀምራሉ። ጥርሱ በዚያው ጊዜ ይመጣል እንጂ ምንም አላደረገም።"

ያየህ ወንበሩን በእግሩ ገፍቶ ተነሣ። "እኔ ነኝ ልጄን ያሳመምኩት እያልሽኝ ነው? እናቴ ልካሽ ነው?" ነርሷ የጉሉኮሱን ጠብታ ማስተካከል ያዘች። ያየህ ላስቲኩን ከጠረጴዛው ላይ ላፍ አድርጎ ወደ ግቢው ወጣ።

ግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ አለ። ግድግዳውን በቡጢ መታው፣ እጁ ቆሰለ፣ እንደገና መታው። ጥቂት ቆይታ ውቢት ተከትላው ወጣች።

"ያየህ።"

"ምንም እንዳትዪኝ!"

"የፀጋው ነው እኮ" አለች፤ ጣቷ ወደተጨበጠው እጁ ነበር። "እሱንም የያዘው ጡጦውን ከለመደ በኋላ ነበር። ገበያ መውጣት የጀመርሁ ሰሞን።"

አልተቆጣትም። ያስፈራትም ይህ ነው። ቁጣው ሁልጊዜ የሚሄድበት ቤት ነበረው፤ አጥሩን ዘሎ፣ እናቱ በር ላይ ይደርስና እዚያ ይጮሃል። አሁን በሩ ድረስ ሄዶ ተመለሰበት። ልጁን በሽቦ የወጉት እናቱ ናቸው፤ ይህን ማንም አይፍቅለትም፣ እሱም አይፍቀውም። ለሽቦው ያደረሰውን ተቅማጥ ግን ያጠጣው ማን ነው? ከዚያ ሁሉ ሃይላንድ ትንሿን የመረጠው፣ ላስቲኩን በክር ያሰረው፣ "ጠጣ የኔ ጌታ" ያለው? ደግሞም ያን የተረገመ ላስቲክ እንደ ታቦት ጠቅልሎ አኑሮ፣ ስሞ፣ ለእኅቱ የሰጠው ማን ነው? ሰው ሌላውን ሲጠላ ደስ ይለዋል፤ ራሱን ሲጠላ ግን የት ይሽሽ?

ጥላ ሲዞር እማማ ባንቻየሁ ከጤና ጣቢያው በር ደረሱ። ያን ሁሉ ቁልቁለት በእግራቸው ወርደዋል። ልግባ አላሉም። አጥሩን ተደግፈው ቆሙ።

"ሞተች?" አሉ።

"አልሞተችም" አለ ያየህ። "ትተርፋለች ብለዋል።"

"እሰይ። እሰይ፣ ኪዳነ ምሕረት።" ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ሲጨርሱ፣ "ታዲያ ምንድን ነው አሉ?"

ከጠዋቱ ጩኸት በቀር ለዓመታት አንድ ቃል ያልነገራትን ሴት ዛሬ ይህን ይንገራት? ቢዋሽስ? "ጸበል ይሻላታል" ቢል፣ "ብርድ ነው" ቢል ማን ያውቅበታል? ውቢት ግን አጠገቡ ቆማለች። ጥርሱን ነክሶ እጁን ዘረጋ። መዳፉ ላይ ላስቲኩ ነበር፣ የቆሰለው እጁ ደም ነክቶታል።

"ይህ ነው አሉ። ያጠብሁበት ውሃ። ከብቱ የቆመበት ውሃ። የፀጋውንም ያስጀመረው ይኸው ይሆናል።"

እማማ ባንቻየሁ ላስቲኩን አዩት፣ የልጃቸውን ፊት አዩት። "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች" ብለው ቢተርቱበት ኖሮ መብታቸው ነበር። አልተረቱም።

"ድዱ ደህና ነበር ማለት ነው?" አሉ በመጨረሻ። "ያ ሁሉ ልጅ?"

ያየህ ይህን ጥያቄ ለዓመታት ከአፋቸው ሊሰማ ሲፈልግ ነበር። አሁን ሲሰማው ደስታ አላገኘበትም። "ደህና ነበር። በከንቱ ነው የወጋሽው። በከንቱ!" ሲል ድምፁ ተሰበረ። ወዲያው ግን ቁጣው ተመለሰ፤ ያለ እሱ መቆም አይችልማ። "ሽቦሽን ገደል ከትቸዋለሁ። ነገ አንዷ ልጅ አዝላ ስትመጣ ሌላ ትስያለሽ?"

"ጃንጥላ ሞልቷል" አሉ እናቱ፤ የእሱ ቁጣ ከየት እንደ መጣ በዚያች ሰዓት ታየ፣ ዓይናቸው የእሱን መሰለ። "የእኔን ገደል ከተትኸው። አንተ የራስህን ለማስታወሻ ነው የያዝኸው?"

ያየህ እጁን አየ። ጣቶቹ ላስቲኩ ላይ እንደገና ተጨብጠዋል፤ መቼ እንደ ጨበጣቸው አያውቅም።

ከጤና ጣቢያው ጀርባ የተጠቀመ መርፌና ጨርቅ የሚቃጠልበት ጉድጓድ አለ። ጽዳቷ ሴት እሳቱን ገና ለኩሳዋለች። ያየህ ጠርዙ ላይ ብዙ ቆመ። እናቱ እያነከሱ መጥተው ከጎኑ ቆሙ፤ እጁን አልያዙም፣ በርታም አላሉትም። "እኔ ሌላ ሽቦ አልስልም" አሉ ብቻ። ያን ጊዜ ወረወረው። ላስቲኩ መጀመሪያ ተኮማተረ፣ ከዚያ ጠቁሮ ነደደ፤ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ እናትና ልጅ ከዚያ አልተንቀሳቀሱም። ከፀጋው የቀራቸው ሌላ ነገር አልነበረም።